አማቴ በፍተሻው በር ሲያልፉ

ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወርድ ሰው ስንቅ ይይዛል፤ እኔ ሕገ መንግሥት ያዝኩ። ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ ጠርዟ የተበላ፣ ተማሪ ሲያንቀላፋ ጠረጴዛ የምመታባት ትንሽ መጽሐፍ ናት። የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ትዕግሥት «ጃንጥላ ያዝ፤ እዚያ ይዘንባል» ብላኝ ነበር። ጃንጥላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

የሄድኩት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ አማቴን ለማምጣት። ትዕግሥት ዓርብ ጠዋት በቀዶ ጥገና እንድትወልድ ሐኪሟ ቀጠሮ ሰጥቷታል። እሷ ደግሞ «እማዬ ሳትደርስ እዚያ ክፍል አልገባም» ብላለች፤ ትዕግሥት አልገባም ካለች አትገባም። የመጀመሪያ ልጃችንን ያጣን ጊዜ መንገድ ተዘግቶ እናቷ ሳይደርሱላት ቀሩ። ያን ቀን የያዘችው የእኔን እጅ ነው፤ የፈለገችው እጅ ግን የእኔ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። አልተቀየምኳትም። ዘንድሮ ግን እናቷን ካላመጣሁላት ራሴን እቀየማለሁ።

አማቴ እማማ ባሎቴ ቦምቤ አካባቢ ነው የሚኖሩት። ረጅም መንገድ በመኪና ሲሄዱ ክፉኛ ስለሚያማቸው ከአርባ ምንጭ በአውሮፕላን እንዳመጣቸው ተወሰነ። አንድ አደራም ተሰጠኝ፤ ስለ ቀዶ ጥገናው ትንፍሽ እንዳልል። ሆድ በቢላ ይከፈታል ሲባል ከሰሙ እንቅልፍ ያጣሉ፣ ምናልባትም ከቤታቸው አይነሡም፤ ደርሰው ልጃቸውን ሲያዩ ራሷ ትነግራቸዋለች ተባለ። እኔም ምስጢር ጠባቂ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

አውቶቡሱ ቡታጅራን አልፎ ሲንደረደር፣ በመንገድ ላይ ካሉት ኬላዎች አንዱ ላይ ቆመ። ውረዱ ተባለ፤ ወንድ በግራ፣ ሴት በቀኝ ተሰለፍን። ክፍል ውስጥ «ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በሀገሩ የመዘዋወር ነፃነት አለው፤ አንቀጽ ሠላሳ ሁለት!» እያልኩ ስጮህ የምኖር ሰው እጄን ወደ ላይ አንሥቼ እንደ ልብስ መስቀያ መቆሙ ከበደኝ። ፈታሹ ወጣት ፖሊስ ነው።

«ይቅርታ ወንድም፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለህ?» አልኩት።

«ትእዛዝ የለኝም ጋሼ» አለ፣ ላቡን እየጠረገ። «ፀሐዩ ግን አለ። ቶሎ ብንጨርስ ለሁላችንም ይሻላል።»

ኪሴ ውስጥ ያለችውን መጽሐፍ አወጣሁ። አንቀጽ ሃያ ስድስትን፣ ሰውነትና ንብረት ያለአግባብ እንደማይመረመር የሚለውን፣ ማንበብ ጀመርኩ። ንዑስ አንቀጽ ሦስት ላይ ለደኅንነት ሲባል ገደብ ሊኖር ይችላል የሚል ነገር አለ፤ እሱ ጋ ስደርስ ክፍል ውስጥም ሁልጊዜ ደወል ይደወላል። ከሴቶቹ ሰልፍ ቅርጫት የያዘች ሴት «እናንተ፣ ሰውዬው አስተማሪ ነው መሰለኝ፤ ካላስቆማችሁት አይጨርስም» ብላ ተናገረች። ሰዉ ሳቀ። ፖሊሱ ግን አልሳቀም፤ ሻንጣዬን ከፍቶ ትዕግሥት ለእናቷ የላከችውን፣ አበባ የተነከረበት የሚመስለውን ትልቅ የሌሊት ቀሚስ አውጥቶ በፀሐዩ ላይ ዘረጋው።

«የእርስዎ ነው ጋሼ?»

ከዚያ በኋላ እስከ ሻንቶ ድረስ ስለ መብት አላነሣሁም። ሻንቶ ላይ ባለ ቅርጫቷ ሴት አቮካዶዋን ሰንጥቃ ግማሹን ሰጠችኝና «አይክፋህ፤ እኔን አንድ ጊዜ የሽንኩርት ጆንያዬን አንድ በአንድ አስቆጥረውኛል» አለችኝ። አዲስ አበባ አቮካዶ በሚዛን፣ በመድኃኒት ቤት ጥንቃቄ ነው የሚሸጠው፤ እዚህ መሬት ላይ ተቆልሎ ሰው ሲያልፍ ይዘግናል። እኔ ሰፈር እንዲህ ያለ ለስላሳ ነገር በልቼ አላውቅም።

ሶዶ ስደርስ እንደተተነበየው ዘነበ። የትዕግሥት ወንድም ታምራት መናኸሪያ ተቀበለኝ። በከተማው የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል፤ በዝናብም ሆነ በፀሐይ ይሥቃል። ቤቱ ለእንግዳ ስለማይበቃ አንድ ፔንሲዮን ይዞልኝ ነበር። የፔንሲዮኑ ጥበቃ በሩ ላይ አቁሞ ወገቤን ዳበሰ። ለመሄድ ተፈትሼ ነበር፤ አሁን ለመተኛት ተፈተሽኩ። አባቱ ከስልጤ መጥተው እዚህ የቀሩት የፔንሲዮኑ ባለቤት ይህን ቅሬታዬን ረጋ ብሎ አዳምጦ ሲያበቃ የራሱን ጃንጥላ ሰጠኝ። «ሲመለሱ ያመጡታል፤ ካላመጡም እግዜር ይስጥልኝ ይበሉ» አለ። እኛ ሰፈር ጃንጥላ የሚያውስ ሰው መጀመሪያ መታወቂያ ይይዛል።

ረቡዕ

በጠዋት ከታምራት ጋር በሚኒባስ ወደ አረካ፣ ከዚያ ወደ ቦምቤ፣ ከቦምቤ ደግሞ በባጃጅ ወደ ገጠሩ። ባጃጁ የመጨረሻው ዳገት ሥር ጭቃ ያዘው። የከተማ ሰው ስለሆንኩ ከኋላ እገፋለሁ ብዬ ወረድኩ፤ ባጃጁ ወጣ፣ የቀኝ እግሬ ጫማ ቀረ። ታምራት ጫማዬን ከጭቃው ሲያወጣ ሆዱን ይዞ ነበር። እኔ በአንድ እግሬ ቆሜ የመዘዋወር ነፃነትን እያሰብኩ ነበር።

እንሰቱን ሰንጥቀን ግቢው ስንደርስ እማማ ባሎቴ በሩ ላይ ቆመዋል። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። በቤተሰቡ ዘንድ ታናሽ የሆነ ሰው ወደ ታላቁ ጉልበት ዝቅ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ ታላቁም ይመርቃል። ይህን አውቃለሁ፤ በሠርጌም አድርጌዋለሁ። የረሳሁት ምርቃቱ ሳያልቅ ቀና ማለት ነውር መሆኑን ነው። ጎንበስ አልኩ። እማማ ባሎቴ እጃቸውን አናቴ ላይ አድርገው በወላይትኛ ጀመሩ። እኔ የማውቀው «ሳሮ» የሚለውን ሰላምታ ብቻ ስለሆነ የት እንደደረሱ ማወቅ አልቻልኩም። ወገቤ መንዘር ሲጀምር ታምራትን በጎን አየሁት።

«ስንት ቀራቸው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«አሁን ከብቶቹ ጋ ደርሰዋል» አለኝ። «ከከብት በኋላ እርሻው አለ።»

ቀና ስል ዓለም ለጥቂት ጊዜ ቢጫ ሆነብኝ። ከዚያ ገበታ ቀረበ። ቦዬ የሚባል የተቀቀለ ሥር፣ በቅቤ የራሰ ቆጮ፣ ከጎኑ በትንሽ ሳህን አረንጓዴ ነገር። እኛ ቤት አረንጓዴ ነገር ሰላጣ ነው። በቦዬ ሞልቼ ጎረስኩ። ዳጣ ነበር፤ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አብረው የተፈጩበት። እንባዬ ፈሰሰ፣ ጆሮዬ ጮኸ። እማማ ባሎቴ በትኩረት ተመለከቱኝ።

«ይሄ ልጅ ለልጄ ያለቅሳል» አሉ ለታምራት በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ። «ጥሩ ሰው ነው።»

አላስተባበልኩም። አማርኛቸው የገበያና የቤተ ክርስቲያን አማርኛ ነው፤ ወንድና ሴት ሳይለዩ ሁሉንም እንደ ወንድ ይጠሩታል። የእኔ ወላይትኛ ከአንድ ቃል ስለማያልፍ የመሣቅ መብት ያለኝ አይመስለኝም።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቹ መጡ፤ አንዷም ባዶ እጇን አልመጣችም። ለአራስ የሚሆን ቅቤ በባልዲ፣ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ። የገብስ ዱቄት። ማር። አንድ ጠርሙስ ዳጣ። አውሮፕላን ይህን ሁሉ አይጭንም ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ።

«ባጃጅ ይጭናል» አለች አንዷ። «አውሮፕላን ከባጃጅ ያንሳል?»

እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤቴ መንታ ስትወልድ በቴሌግራም የእንኳን ደስ አለሽ ምልክት ነው የላክንላት። አመሻሽ ላይ ባልዲውን እኔው ራሴ በገመድ አሰርኩት።

ሐሙስ

ታምራት የጓደኛውን መኪና ለምኖ መጣ። እማማ ባሎቴ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ሎሚ እያሸተቱ ከፊት ተቀመጡ። ሶዶ ላይ የፔንሲዮኑን ጃንጥላ መለስኩ። ሁምቦን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ የአባያ ሐይቅ ታየ። ሁሉም ሰው ስለዚያ ሐይቅ ብዙ ይጽፋል፤ እኔ የማስታውሰው እማማ ባሎቴ ዓይናቸውን ጨፍነው «ቁልቁለቱ አለፈ?» ብለው ሦስቴ መጠየቃቸውን ነው።

በአውሮፕላን ማረፊያው ተጓዥ ያልሆነ ሰው ስለማይገባ ታምራት እናቱን ስሞ በር ላይ ቀረ። የመጀመሪያው ፍተሻ ላይ ዕቃችን በማሽኑ ሲያልፍ ሠራተኛው ስክሪኑን አፍጥጦ አየ።

«ባልዲው ውስጥ ምንድን ነው?»

«ቅቤ» አልኩ። «ለአራስ።»

«ጠርሙሱስ?»

«ዳጣ።»

«ዳጣ ለአራስ?»

«እሱስ ለአማች ነው» አሉ እማማ ባሎቴ ጣልቃ ገብተው፣ ወደ እኔ እየጠቆሙ። «ሲበላው ያለቅሳል። ይወዳል።»

ሁሉም ነገር በሻንጣ ክፍል እንዲሄድ ተደረገ። እስካሁን ሰላም ነበር። ሁለተኛው ፍተሻ ላይ ጫማና ቀበቶ አውልቁ ተባለ። ካልሲዬ አውራ ጣቱ ጋ ቀዳዳ አለው። ከቀበቶው ጋር ሆዴም ስለወረደ ሱሪዬን በአንድ እጄ ያዝኩ፤ በሌላው እጄ መጽሐፌን። ለምን እንደያዝኳት አልዋሽም፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ቂም ይዣለሁ።

እማማ ባሎቴ በባዶ እግራቸው በብረት መፈተሻው በር አለፉ። ጮኸ። ፈታሿ፣ ደርበብ ያለች ወጣት ሴት፣ በትሕትና ወደ ጎን ወሰደቻቸውና ከትከሻቸው ጀምራ ዳበሰች። ወገባቸው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«እማማ፣ መቀነትዎን ይፍቱልኝ?»

ፈቱት። ከእጥፋቱ ውስጥ የክር ጥቅልና በወረቀት የተጠቀለለ አዲስ ምላጭ ወጣ።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ልጄ ይወልዳል» አሉ፣ ጥያቄው እየገረማቸው። «እትብቱን በምን ልቁረጥ? በጥርስ?»

ሰልፈኛው ሳቀ። እኔ ግን ቀዝቃዛ ነገር ከአንገቴ እስከ ካልሲዬ ቀዳዳ ወረደብኝ። እማማ ባሎቴ የሚሄዱት ሊያዋልዱ ነው። የሁለቱን ትልልቅ ልጆቻቸውን ልጆች ሁሉ በእጃቸው የተቀበሉ እሳቸው ናቸው፤ የትዕግሥትንም እንደሚቀበሉ አልተጠራጠሩም።

«ምላጭ ይዞ መሳፈር አይቻልም» አለች ፈታሿ።

በዚህ ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን መምህር ነኝ።

«አንቀጽ ሠላሳ ሁለት!» አልኩ፣ መጽሐፉን ወደ ላይ አንሥቼ። «እኚህ እናት በሀገራቸው የመዘዋወር ነፃነት አላቸው!»

የፍተሻው ኃላፊ ቀረብ አለ። ሬዲዮ የያዘ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «እሳቸውን ማን ከለከላቸው ጋሼ? ይሂዱ። የሚቀረው ምላጩ ነው።»

«ምላጩ ንብረታቸው ነው! አንቀጽ ሃያ ስድስት…»

«ከንብረታቸው ጋር መቅረትም ይችላሉ» አለ በአክብሮት። «እሱም መብታቸው ነው። ሱሪዎን ይያዙት እንጂ።»

ያዝኩት። የመዘዋወር ነፃነት ለሰው እንጂ ለምላጭ እንዳልተሰጠ ያኔ ገባኝ። እማማ ባሎቴ እጄን ነካ አደረጉ።

«አንተ ለምን ይጮሃል? ሰው ያየናል» አሉኝ። ከዚያ ወደ ፈታሿ ዞሩ። «ምላጭ ከሌለ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ? ልጄ ታምራት ውጭ አለ። እመለሳለሁ።»

መቀነታቸውን ማሰር ጀመሩ። በድምፅ ማጉያው የእኛ በረራ ተሳፋሪዎች ተጠሩ። የሚቀጥለው በረራ ከዓርብ በኋላ ነው። ፊት ለፊቴ ትዕግሥት ታየችኝ፤ እዚያ ክፍል በር ላይ ተቀምጣ፣ አልገባም እያለች። መጽሐፌ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ምንም የለም። አደራዬን በላሁ።

«እማማ» አልኩ። «የሚያዋልዷት ሐኪሞች ናቸው። በቀዶ ጥገና ነው።»

እጃቸው ቋጠሮው ላይ ቆመ። «ሆዱን?»

«ሆዷን። ነገ ጠዋት። ፈርተው እንዳይቀሩ ብለን ነው የደበቅንዎት።»

«ታዲያ እኔን ለምን ጠራ?»

«ያለ እርስዎ አልገባም ስላለች ነው» አልኩ፤ ድምፄ ተሰበረ፣ በዳጣ ማሳበብ ግን አልቻልኩም። «ባለፈው ጊዜ እርስዎን ስትጠራ አደረች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ እኔን አልጠራችም። ሥራ የለዎትም እማማ። እጇን መያዝ ብቻ ነው።»

ኃላፊው ሬዲዮውን ዝቅ አደረገ። እማማ ባሎቴ ምላጩን አነሡ። ከዚያ በወረቀቱ መልሰው ጠቀለሉትና የፈታሿን መዳፍ ከፍተው አስቀመጡት፤ ጣቶቿንም አንድ በአንድ አጠፉላት።

«አንተ ስትወልድ ይሆንሃል» አሏት።

«እኔ ወልጄ ጨርሻለሁ እማማ» አለች እየሣቀች፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር።

ፍተሻው ግን አላለቀም። ሕግ ነውና ፈታሿ የቀረውን ለመዳበስ ወደ ጉልበታቸው፣ ወደ ቁርጭምጭሚታቸው ዝቅ አለች። እማማ ባሎቴ ወደ ታች አዩ። አንዲት ወጣት ጉልበታቸው ሥር ጎንበስ ብላለች። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። እጃቸውን አናቷ ላይ ጫኑና «ጦሳይ ኔና አንጆ» ብለው ምርቃቱን ጀመሩ።

ፈታሿ ቀና ልትል ስትል የእጃቸው ክብደት መለሳት። የአካባቢው ልጅ መሆን አለባት፤ ነገሩ ገባትና ጎንበስ እንዳለች ቆየች። ከኋላ ላፕቶፕ የታቀፈ ነጋዴ ሰዓቱን አየ።

«ይቆያል?» አለኝ።

«ገና ከብቶቹ ጋ አልደረሱም» አልኩት።

በድምፅ ማጉያው ለመጨረሻ ጊዜ ተጠራን። እርሻው ሲያልቅ ወላይትኛ የሚያውቁት ሁሉ አሜን አሉ፤ የማናውቀውም ተከተልን። ኃላፊው በሬዲዮ «ሁለት ተሳፋሪ እየመጣ ነው፣ ጠብቁ» አለና እሱም ቀስ ብሎ አሜን አለ። በዚያ ሁሉ ጉዞ ፍተሻ ሲቆም ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቀበቶዬን የታጠቅኩት አውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ነው።

ላይ ስንወጣ እማማ ባሎቴ በመስኮቱ ቁልቁል አዩ። አልታመሙም፤ ሎሚውንም ረስተውታል።

«እዚህ ኬላ የለም?»

«የለም እማማ።»

«ታዲያ ሰው ሁሉ ለምን በዚህ አይሄድም?» አሉኝ። አንቀጽ ሠላሳ ሁለትን ሳስተምር ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ የለም።

ዓርብ

የሆስፒታሉ በር ላይም ፍተሻ አለ። እማማ ባሎቴ ማንም ሳይነግራቸው እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ቆሙ፤ ጥበቃዋ «እኚህ እናት ለምደውታል» አለች። ወደ ውስጥ የሚገባው አንድ አስታማሚ ብቻ ነው ሲባል ትዕግሥት ወደ እኔ እንኳ ሳታይ እናቷን ያዘች። ይህን ነበር ልሠራ የሄድኩት። እጅ ለእጅ ተያይዘው በኮሪደሩ ሲሄዱ፣ እናትየዋ ስለ ቢላው ምንም ሳይሉ፣ ልጅቱም ምንም ሳትፈራ፣ ከኋላ ቆሜ አየኋቸው። እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ድረስ እጇን አለቀቁትም።

ከዚያ እማማ ባሎቴ ወጥተው ከእኔ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኔ አንድ ገጽ ደጋግሜ ገለጥኩ፤ እሳቸው መሬት መሬት እያዩ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ነርሷ ነጭ ጨርቅ ታቅፋ መጣች። «እናትየዋም ሰላም ናት፤ ወንድ ነው» አለች። እጄን ዘረጋሁ፤ ነርሷ ግን በማን እጅ ማስቀመጥ እንዳለባት ገብቷት አለፈችኝ።

እማማ ባሎቴ ጭናቸው ላይ አድርገው ጨርቁን ፈቱ። ነርሷ «ይበርደዋል» ብትልም አልሰሙም። አናቱን በመዳፋቸው ዳበሱ፣ ከጆሮው ኋላ አዩ፣ ብብቱን ከፈቱ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጉ። ገልብጠው ጀርባውን፣ ከዚያ ውስጥ እግሩን አዩ። ልጁ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ጮኸ። የሰውነት አለመደፈር ጠበቃ የሆንኩት እኔ ትንፍሽ አላልኩም። በመጨረሻ ሌላ ሰው ቆርጦ ያሰረውን እትብት አገኙና ረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ በጣታቸው ጫፍ ነኩት፤ እንባቸው ሆዱ ላይ ጠብ አለ። ከዚያ ጨርቁን በጥንቃቄ መልሰው ጠቀለሉት፣ ቀና ብለውም ነርሷን አዩዋት።

«ምንም የለበትም» አሉ። «ይለፍ።»